ከኤምባሲ የመጣችው ጣውንት

ኅዳር 5 ቀን 2011 ዓ.ም.፣ አምቦ

አባዬ መኪና ሊገዛ ነው። ያውም ስልክ ውስጥ።

ወሬውን ያመጣው ፍሮምሳ ነው። ፍሮምሳ የአክስቴ ልጅ ነው፤ መናኸሪያው አጠገብ ስልክ ይጠግናል። አዲስ አበባ ያለ አንድ ኤምባሲ አሮጌ መኪኖቹን በኢንተርኔት ጨረታ እየሸጠ ነው አለ። ፎቶው ላይ፣ ከነጫጮቹ ላንድክሩዘሮች ወዲያ፣ ግድግዳ ጥግ፣ አንዲት ጥቁር ሰማያዊ ቢኤም ደብሊው ቆማለች። እኔ ሳልወለድ የተሠራች። እህቴ ደራርቱም ሳትወለድ። ስድስት ሲሊንደር፣ ማርሿ በእጅ። አባዬ ስልኩን አፍንጫው ድረስ አስጠግቶ አያት። ከዚያ «ይቺን አውቃታለሁ» አለ። እሷን ራሷን ሳይሆን ዘሯን ማለቱ ነው። ወጣት ሳለ አዲስ አበባ እንዲህ ዓይነቶቹን ብቻ የሚሠራ ጋራዥ ውስጥ ተለማማጅ ነበር። «ነዳጁን ስትረግጠው ከወንበሩ ጋር ትሰፋሃለች» ይላል። እዚህ አምቦ ከመጣ ወዲህ የሚነካው አይሱዙ ብቻ ነው።

ደራርቱ ጥር ላይ ታገባለች። ሙሽራው ሌንጮ የእጃጂ ልጅ ነው፣ አስተማሪ። በወጉ መኪና ይዞ የሚመጣው የሙሽራው ወገን ነው። አባዬ ግን ለሽማግሌዎቹ «የመጀመሪያ ልጄን በራሴ መኪና፣ ራሴ ነድቼ ነው እጃጂ የማስገባት» ብሏቸዋል። የሌንጮ አጎት ኦቦ ኦልጅራ «በየትኛው መኪና ነው ኦቦ ተሬፋ? ክሪክ ላይ አስቀምጠህ ልትገፋት ነው?» አሉ። ቤቱ በሳቅ ፈረሰ። አባዬም ሳቀ። ከሁሉም ዘግይቶ።

እኔ ከስምንተኛ ክፍል ካቆምኩ ወዲህ ጋራዥ ነኝ። ክፍል ውስጥ ስጠየቅ ድምፄ አይወጣም ነበር። እዚህ የሚጠይቀኝ የለም። ቁልፍ አቀብላለሁ፣ ዕቃ በቤንዚን አጥባለሁ። ዛሬ አባዬን ለምሳ ሁለቴ ጠራሁት፤ አልሰማኝም። ደራርቱ «ድምፅሽ እኮ የትንኝ ነው» ትለኛለች። እውነቷን ነው። መልመድ አለብኝ።

ኅዳር 10

እማዬ አባዬን «ይሄን ሬዲዮ ቀንሰው፣ ጉደር ድረስ ይሰማል!» አለችው። «የት ጮኸና?» አለ። ተኮራረፉ። ደግሞ ታረቁ።

ጨረታው ሳምንት ሳይሞላ ይዘጋል። እንቅልፍ የለም፣ የእሱም የእኔም።

ኅዳር 14

ከመጀመሪያው ልጻፈው።

ጨረታው ዛሬ አራት ሰዓት ይዘጋል ብሎ ፍሮምሳ አንብቦልን ነበር። ጠዋት ጎረቤቱ ሁሉ በራችን ላይ ቆመ። ጎሚስታው እንኳ ያልተለጠፈ ጎማ ጥሎ መጣ። አባዬ እጁን በሳሙና ታጥቦ እንደሚጸልይ ሰው ቆመ። አራት ሰዓት ሊሞላ ሲል ፍሮምሳ በአባዬ ስልክ ዋጋውን ጻፈና ተጫነ። አራት ሞላ። ከእኛ በላይ የለም። «በላናት!» ብሎ ዘለለ። አባዬ ለመንደሩ በሙሉ አምቦ ውሃ ከፈተ። የጎሚስታው ሚስት እልል አለች።

ከሰዓት ሁሉም ወደየሥራው ሄደ። የአባዬ ስልክ እንደ ወትሮው መደርደሪያው ላይ ነበር፤ ቢጠራም አያነሳውም። ጮኸ። አየሁት። ሌላ ሰው ከእኛ በላይ ጽፏል!

ተዘግቶ የለ እንዴ? ከሥሩ ወደ ኋላ የሚቆጥር ሰዓት አለ። ገና ይሮጣል። ያኔ ገባኝ። የፈረንጅ አራት ሰዓት የእኛ አስር ሰዓት ነው። ያ ሁሉ ሰው ቆሞ፣ ያ ሁሉ ውሃ ተጠጥቶ፣ አንድም ሰው አላሰበውም።

አባዬ አይሱዙ ሥር ተኝቷል። ጠራሁት። እንደገና ጠራሁት። የሚሠራ ሞተር እንኳ አልነበረም። ይሄ የተረገመ ድምፄ! ሮጬ እግሩን ልጎትት ስል ሰዓቱ እያለቀ ነው። አባዬ «ከዚህ እንዳታልፉ» ያለውን ዋጋ አውቀዋለሁ፤ ገና አልተደረሰበትም። ጽፌ ተጫንኩት።

አለቀ። «አሸንፈዋል» የሚል አረንጓዴ ጽሑፍ መጣ።

እግሩን ነካ ሳደርገው ተንሸራቶ ወጣ። ስልኩን ሰጠሁት። አንዴ ስልኩን፣ አንዴ የግድግዳውን ሰዓት፣ አንዴ እኔን አየ። ከዚያ ጎማ ላይ ቁጭ ብሎ እንባው እስኪወርድ ሳቀ። «ታዲያ ጠዋት የጠጣነው የማንን ደስታ ነው?» አለ።

ኅዳር 29

የጉምሩኩ ጣጣ አልቆ መጣች! አባዬና ፍሮምሳ ከአዲስ አበባ ነዷት። ድምጿን ከድልድዩ ጀምሮ ለየሁት። አይሱዙ ያጉረመርማል፤ እሷ ግን በአፍንጫዋ ነው የምትዘፍነው።

ጣራዋ ላይ ቀለሟ ተልጧል። የወንበሩ ቆዳ እንደ ደረቀ ወንዝ ተሰነጣጥቋል። አባዬ ግን በሩን ከፍቶ ሲዘጋው «ድፍ» የሚለውን ለጎረቤቱ አንድ በአንድ አሳየ።

እማዬ ወጥታ ዞራ አየቻትና «በል እንግዲህ፣ በላዬ ላይ አገባህብኝ» አለች። ከዛሬ ጀምሮ ስሟ ጣውንቴ ነው።

ታኅሣሥ 4

ደስ የሚል ሳምንት። ዘይቷን ቀየርን፣ ካንዴላዎቹን ቀየርን፣ የፍሬን ሸራ ከአሮጌ ዕቃ ፈልገን አገኘን። እማዬ በየጠዋቱ «ጣውንቴ ቁርስ በላች?» ትላለች። አባዬ «ዘይት ጠጥታለች» ይላል። የሚመልሰው ፊት ለፊት ሲያያት ነው።

አባዬ ሞተር የሚያዳምጠው በረጅሙ ካቻቢቴ ነው። ጫፉን ሞተሩ ላይ፣ እጀታውን ጆሮው ላይ ያደርጋል። አሁን ግን እጀታውን በጥርሱ ነክሶ ይይዘዋል። አዲስ ዘዴ ነው መሰለኝ።

ሞተሯ ሲሞቅ ከፊት በኩል ቀጭን ድምፅ ትሰጣለች። ሲ...ር፣ ሲ...ር። ከቺንጊያው ጀርባ። አባዬ ነክሶ አዳመጠና «ንጹህ ናት» አለ። እሱ ንጹህ ናት ካለ ንጹህ ናት። የኔ ጆሮ ነው የሚያሳስተኝ። ዝም አልኩ።

ታኅሣሥ 11

ሲርታው አለ። ወይም ያለ ይመስለኛል።

ለእማዬ ሽንኩርት ልገዛ ወጥቼ ሁለት ሴቶች ሲያወሩ ሰማሁ። «ኦቦ ተሬፋ ቢኤም ከገዛ ወዲህ ሰላምታ አይመልስም።» «እኔንም እንዲሁ! አካም ነጉማ ብለው ጀርባውን ሰጠኝ።» «መኪና ሰውን ያኮራል አሉ።» ፊቴ ነደደ። አባዬ ኩሩ አይደለም። ለአህያ እንኳ መንገድ የሚለቅ ሰው ነው። ልነግራቸው ፈለግሁ። ሽንኩርቴን ይዤ ተመለስኩ።

ታኅሣሥ 18

ዛሬ እንሞክራታለን ብሎ አባዬ ወደ ጌዶ መንገድ ነዳት። ደራርቱ ከኋላ፣ እኔ ከፊት። ጉደርን አልፈን ሜዳው ላይ ነዳጁን ረገጠው። በእውነት ከወንበሩ ጋር ሰፋችኝ! ደራርቱ ጮኸች። ባሕር ዛፎቹ አንድ አጥር ሆኑ። አባዬ ወደ እኔ ዞሮ ሳቀ። ጥርሱን ሁሉ አየሁት።

ዳገቱ ላይ ሲርታው መጣ። ከዚያ ወደ ጩኸት ተለወጠ፤ እንደታሰረ ውሻ። ደራርቱም ሰማችው። «አባዬ ምንድን ነው?» አለች። አባዬ መንገዱን እያየ ያፏጫል። «አባዬ» አልኩ። «አባዬ» አልኩ። የሙቀቱ ቀስት ቀዩ ላይ ደርሶ በዓይኑ ሲያየው ነው ያቆመው። ኮፈኑ ሥር ጭስ፣ ከታች የፈላ ውሃ። የውሃ ፓምፗ ኩሽኔታ ተበልቷል።

መንገድ ዳር ተቀመጥን። መጀመሪያ የመጣው አይሱዙ ማንን የጫነ ይመስላችኋል? ኦቦ ኦልጅራን፣ ከእጃጂ ጤፍ ይዘው። ወርደው ዞሩን። «ኦቦ ተሬፋ! ይቺ ናት ሙሽራ የምታስገባው? ሙሽራዋ ትግፋት እንዴ?» ክፉ ሰው አይደሉም። ገመድ ያወጡት ራሳቸው ናቸው። አምቦ ድረስ ጤፍ በጫነ አይሱዙ ተጎተትን። ከተማ ስንገባ ልጆች «ቢኤሟ በግ ሆነች፣ በገመድ ተጎተተች» እያሉ ተከተሉን።

በራችን ላይ ኦቦ ኦልጅራ ቁምነገር አወሩ። «ወንድሜ፣ እንደቀልድ አይደለም። ለጥምቀት ዋዜማ እመጣለሁ። ቆማ ካገኘኋት ከአዲስ አበባ መኪና እንከራያለን፤ ልጅቷ መንገድ ላይ ቆማ አትዋረድ።» አባዬ አፋቸውን ትኩር ብሎ እያየ «እሺ» አለ።

ደራርቱ ስታለቅስ አመሸች። ለመኪናው አይደለም። «ያ ሁሉ ደስታው...» ትላለች።

ታኅሣሥ 19

ሰምቼው ነበር። ሁለት ሳምንት ሙሉ ሰምቼው ዝም አልኩ። አንድ ቃል ብናገር ኖሮ ጋራዥ ውስጥ ይፈታ ነበር። ምን ዓይነት ሰው ነኝ?

ዛሬ ዕቃ ሳጥብ ትልቁ ቁልፍ ከእጄ አምልጦ ከአባዬ ጀርባ ሲሚንቶው ላይ ወደቀ። የጎሚስታው ውሻ እንኳ ተነስቶ ሸሸ። አባዬ ዞር አላለም። እያሰበ ይሆናል።

ታኅሣሥ 20

እያሰበ አይደለም።

እማዬን ጠየቅኋት። ሰሐን ማጠቧን አላቆመችም። «አሁን ነው ያወቅሽው?» አለች። «እኔ ፊቱን ሳላይ ከተናገርኩ ዓመት አለፈኝ።»

«ለምን አልነገርሽንም?»

«እሱ ያልነገረኝን? ሰው ጆሮው ደከመ ካለ ሞተሩን ማን ይሰጠዋል? ሰርጉ ይለፍ። ተሬፋ ተሬፋ የሆነው ሞተር ስለሚሰማ ነው፤ ያን ስም ይዞ ልጁን ይዳር።»

ጥፋቱ የድምፄ አልነበረም ማለት ነው። በዚህ ደስ ሊለኝ ነው ወይስ ላዝን? ሁለቱንም አደረግሁ።

ታኅሣሥ 27

ፍሮምሳ አዲስ አበባ ሶማሌ ተራ ሦስት ቀን ሲዞር ከርሞ ፓምፕ ይዞ ተመለሰ። ከሌላ የተጋጨች ቢኤም የወጣ፣ ደህና ነው። እቅፍ አድርጎት ነው ከአውቶቡስ የወረደው። «ሕዝቡ ሕፃን ነው ብሎ ወንበር ለቀቀልኝ» ይላል። ውሸታም።

ታኅሣሥ 30

ገና አለፈ፣ እኛ ከኮፈኑ ሥር ነን።

ፓምፑን አስገባን። አባዬ ሞተሩን አስነሳና ካቻቢቴውን አነሳ። ወደ አፉ ሊወስደው ሲል ቆመ። ብዙ አየኝና ለእኔ ሰጠኝ። «አንቺ አዳምጪ። መቼም ነገ ከነገ ወዲያ መማርሽ አይቀርም» አለ።

ሊያስተምረኝ ነው። እሱ እንዲያ አለ፣ እኔም እንዳመንኩ ሆንኩ። ጫፉን ፓምፑ ላይ አድርጌ እጀታውን ጆሮዬ ላይ ያዝኩ። ውስጡ እንደሚፈስ ውሃ ነው፣ ምንም አይፋጭም። ቃል አላወጣሁም፤ ፊት ለፊቱ ቆሜ ራሴን ነቀነቅሁ። ትከሻው ወረደ። ሲፈራ እንደነበር ያወቅሁት ያኔ ነው። ቀጥሎ ዲናሞውን፣ ቀጥሎ የሞተሩን ላይኛ ክፍል። የነካሁትን ሁሉ ጭንቅላቴን እያየ ተከተለኝ። እንደዚህ ሠርተን አናውቅም። ሁለታችንም አልደከመንም።

ጥር 10

ኦቦ ኦልጅራ መጡ። ከተማው ለከተራ ወጥቷል፤ እሳቸው በቀጥታ ጋራዥ። «የታለች በጓ?» አሉ።

አባዬ በሩን ከፈተላቸው። በጊንጪ መንገድ ወሰዳቸው። እኔ ከኋላ ነበርኩ፤ ጆሮዬ ሞተሩ ላይ። ቀጥ ያለው መንገድ ላይ ሲደርስ ረገጠው። ኦቦ ኦልጅራ በሁለት እጃቸው የበሩን እጀታ ያዙ። ባርኔጣቸው እኔ ጉልበት ላይ አረፈ። «ተሬፋ! ተው! ሰባት ልጆች አሉኝ!» አባዬ ያፏጫል። ስንመለስ ወርደው ባርኔጣቸውን ከእኔ ተቀበሉ። ከዚያ ኮፈኑን መታ መታ አደረጉና «ኪራይ አያስፈልግም» አሉ። «ግን ልጅቷን ስትጭን እንዲህ እንዳትነዳ። ሳትዳር ትወልዳለች።»

ደራርቱ በመስኮት ሰምታ ኖሮ ትራሱን ነክሳ ሳቀች።

ጥር 15

ፈራሁ። አባዬ ይነዳል፣ መስታወቱን በደንብ ያያል፣ አይኑ ንስር ነው። ግን አንድ ነገር ቢያረጅስ፣ ቢላላስ፣ ቢጮህስ? ከፊት የሚቀመጠው ሚዜው ነው። ሚዜው ስለ ሞተር የሚያውቀው መስኮት መክፈት ነው።

ለአባዬ ልንገረው? ምኑን? የሚያውቀውን?

ጥር 17

ለነገ ቀሚሴን ተኮስኩ። መኪናዋን አጠብናት። እማዬ ራሷ የፊት መስታወቷን ወለወለች። «ጣውንት ብትሆንም የቤት ሰው ናት» አለች።

ጥር 19

ትላንት ልጽፍ አልቻልኩም። ዛሬ ደግሞ ድምፅ የለኝም፤ በእውነት ጠፍቷል። ስለዚህ ቀኑን ሙሉ እጽፋለሁ።

ትላንት ጠዋት የሌንጮ ወገን በስምንት መኪና መጣ። ግቢው ሞላ። የደራርቱ ጓደኞች ቢኤሟን ሲያስጌጡ ነበር፤ ከፊቷ ትልቅ የአበባ እቅፍ፣ ነጭ ሪባን በግራና በቀኝ። አባዬ አዲስ ሱፉን ለብሶ መሪውን ያዘ። ሞተሩን ሊያሟሟቅ አስነሳ። ሴቶቹ ይዘምራሉ፣ ያጨበጭባሉ፣ የሌንጮ ጓደኞች ክላክስ ይነፋሉ። ደራርቱ በሌንጮ ክንድ ከቤት ወጣች። ፀሐይ ከእሷ ጋር የወጣች ነው የሚመስለው።

ያን ጊዜ ሰማሁት። ፈር-ፈር-ፈር። ከአበባው ኋላ። ጓደኞቿ ሪባኑን እንዳይፈታ ብለው በፊት ቀዳዳው አሳልፈው ነው ያሰሩት። ጫፉ ውስጥ ገብቶ ማራገቢያውን እየነካ ነው። ሲጠመጠም ቺንጊያውን ይዞ ይሄዳል፤ ቺንጊያው ከሄደ ፓምፑም አብሮ ይቆማል።

«አባዬ» አልኩ። ከጓደኞቿ መካከል ነበርኩ። ለራሴ እንኳ አልተሰማኝም። አባዬ ማርሽ ሊያስገባ እጁን አወረደ። ከዚያ በኋላ የሆነውን በደንብ አላስታውስም። ሌሎቹ ናቸው የነገሩኝ።

«አባዬ! አጥፋው!»

መዝሙሩ ቆመ። ጭብጨባው ቆመ። ክላክሱም ቆመ። ግቢው በሙሉ ዞሮ አየኝ። በዚያ ሁሉ ጸጥታ ውስጥ አንድ ሰው ብቻ አልሰማኝም። ግን ፊቶቹ ሲዞሩ አይቶ እሱም ዞረ። ሮጬ በመስኮቱ አንገቴን አስገብቼ ጆሮው ላይ ጮኽኩ። «ሪባኑ! ማራገቢያው ውስጥ ገብቷል!»

አጠፋው። ኮፈኑን ከፈትን። ሪባኑ ጥቁር ሆኖ ተጠምጥሟል፣ አንድ ዙር ቢቀጥል ቺንጊያው ላይ ነበር። አባዬ በሱፉ ጎንበስ ብሎ ቆርጦ ጎትቶ አወጣው። ቀና አለ።

«እኔ ምንም አልሰማሁም» አሉ ኦቦ ኦልጅራ።

አባዬ አፋቸውን አየ። እኔን አየ፣ እማዬን አየ። ከዚያ ጮክ ብሎ «እኔም አልሰማሁም» አለ። «ከሰማሁ ዓመት አልፎኛል። ጆሮዬ ደክሟል። ሞተር የምትሰማው እሷ ናት።»

መጀመሪያ የተናገረችው የጎሚስታው ሚስት ናት። «ውይ ኦቦ ተሬፋ! ኮራህብን ብለን ስንት አማንህ!» አለች። ሳቁ ከአጥሩ ውጭ ድረስ ሄደ። አባዬም ሳቀ። አፏን ሲያይ ነበርና በዚህ ጊዜ አልዘገየም።

ከዚያ ሚዜውን ክንዱን ይዞ ወደ ሌላ መኪና ሸኘውና የፊቱን በር ከፈተ። «ኮቱ፣ ኢንተላ ኮ። ነይ ልጄ» አለኝ። ሚዜው «ወጉ እንዴት...» ሲል ኦቦ ኦልጅራ «ወጉ ሙሽራዋ እንድትደርስ ነው፣ ሂድ!» አሉት።

እስከ እጃጂ እየጮኽኩ ሄድኩ። «አይሱዙ ከኋላ! ይነፋል!» «ሞተሩ ደህና ነው!» «ሦስተኛ አስገባ!» ደራርቱ ከኋላ ቬሏን ሰብስባ «መቲ፣ እባክሽ፣ ጆሮዬ» እያለች ትስቃለች። ሌንጮ «ለካ ድምፅ አላት!» ይላል። ጌዶ ዳገት ላይ፣ ባለፈው የቆምንበት ቦታ ስንደርስ፣ አባዬ ሳይናገር አየኝ። አዳመጥኩ። «ንጹህ ናት!» ብዬ ጮኽኩ። ረገጠው።

እጃጂ ስንገባ ሕዝቡ መንገዱን ሞልቶ ነበር። ደራርቱ ስትወርድ አንገቴን አቅፋ «ገለቶሚ፣ አመሰግናለሁ» አለችኝ በጆሮዬ። ልመልስላት አፌን ስከፍት ድምፅ አልወጣም። ለመጀመሪያ ጊዜ ጨርሼው ነው።

ጥር 20

ሰኞ ነው። ጋራዥ ከፈትን። ዛሬ የሚመጣ ሰው አይኖርም ብዬ ነበር፤ ወሬው ከተማውን አዳርሷልና። አባዬም መሣሪያውን ሲደረድር ይሄንኑ እንደሚያስብ አውቃለሁ።

ከእንጭኒ ድንች የጫነ አይሱዙ መጥቶ ቆመ። ሹፌሩ ወርዶ «ኦቦ ተሬፋ፣ ሞተሬ ውስጥ የሆነ ነገር ይንኳኳል» አለ። አባዬ አፉን አይቶ ጨረሰና አውራ ጣቱን ወደ እኔ አደረገ።

«ለእሷ ንገራት» አለው። «እሷ ትሰማለች፣ እኔ እፈታለሁ።»

ሹፌሩ እኔን አየ። እንደ ወትሮው መሬት ላይ አላየሁም። ድምፄ ገና ሻካራ ነው።

«አስነሳው» አልኩት።

አስነሳው።